ከመስታወት ጀርባ የሚቀመጥ የሌዘር ርቀት መለኪያ ሴንሰር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ሮቶ የተሰቀለበት ግቢ ብዙ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶው ምን ያህል እንደያዘ መሰላል ሳይወጣ ማወቅ የሚፈልግ ሰውም ብዙ ነው። እኔ ለዚህ የሚሆኑ ትንንሽ መለኪያዎችን እሠራለሁ፤ ሌሎች የሠሩትንም ሲበላሽ እጠግናለሁ። የምጠቀምበት ሴንሰር ኤስቲ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ የሚያመርተው ቪኤል53ኤል0ኤክስ ነው። ተማሪዎችና ጠጋኞች ስለዚህ ሴንሰር የሚያነሧቸው ጥያቄዎች እየተመላለሱ ስለሚመጡ መልሶቹን በአንድ ቦታ ጻፍኳቸው።

ወደ እኔ ከሚመጡት ችግሮች አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነው፤ ሴንሰሩ ካሊብሬት የተደረገው (ልኬቱ ከታወቀ ርቀት ጋር ተመሳክሮ የታረመው) ከፊቱ የሚገጠመው መከላከያ መስታወት ሳይኖር ነው፣ ወይም በኋላ ከሚሠራበት በተለየ የኃይል ምንጭ ነው። መስታወቱንም ኃይሉንም የሴንሰሩ አካል አድርጋችሁ ቁጠሯቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

ሴንሰሩ ርቀትን የሚለካው እንዴት ነው?

በዓይን የማይታይ፣ 940 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ከአንዲት ትንሽ ሌዘር ይለቅቃል፤ ብርሃኑ ከፊቱ ካለው ነገር ተንጸባርቆ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎሜትር ያህል ስለሚጓዝ የ1 ሴንቲሜትር ርቀት ደርሶ መልስ የሚፈጀው 67 ፒኮሰከንድ ብቻ ነው። አንድ ፒኮሰከንድ የአንድ ሰከንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል ነው። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ ደግሞ 4.4 በ2.4 ሚሊሜትር ስፋትና 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ የምስር ፍሬ የሚያክል ነገር ነው። ዘወትር ብይዘውም መደነቄ አልቀረም።

ፊቱ ላይ ሁለት ዓይኖች አሉት። በአንዱ ይለቅቃል፣ በሌላው ይቀበላል። የተመለሰው ብርሃን ከውሃው ይሁን ከመስታወቱ ለይቶ አያውቅም፤ የደረሰውን ሁሉ አንድ ላይ ቆጥሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል።

መስታወቱን ብተወውስ?

ቤት ውስጥ ከሆነ ተዉት። ሮቶ አፍ ላይ ግን ከውሃው የሚነሣው እንፋሎት በአንድ ክረምት የሴንሰሩን እግሮች ያዝጋቸዋል። ሐይቁ ዳር ላሉ ሰፈሮች ደግሞ ማታ መብራት ሲያይ የሚሰበሰበው ትንኝና ሸረሪቱ አለ፤ ዓይኑ ላይ የተዘረጋች አንዲት የሸረሪት ድር ልኬቱን ለማበላሸት ትበቃለች።

ሳጥኑን ከዘጋሁት ወዲህ ሁልጊዜ 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር ብቻ ያሳያል። ሴንሰሩ ተቃጥሏል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። መጀመሪያ ቀላሉን አረጋግጡ። ብዙዎቹ ሴንሰሮች ሲገዙ ፊታቸው ላይ ስስ መከላከያ ፕላስቲክ ተለጥፎባቸው ይመጣሉ፤ በወረንጦ ተላጥቶ መነሣት አለበት። ፕላስቲኩ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሴንሰሩ አካል የሚመስላቸው ሰዎች አሉ።

እሱ ተነሥቶም ቁጥሩ ካልተለወጠ ጥፋቱ የመስታወቱ ነጸብራቅ ነው። ተራ መስታወት በፊቱም በጀርባውም ገጽ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ከላኪው ዓይን ወጥቶ፣ በመስታወቱ ውስጥ ተንሸራትቶ፣ ዒላማው ዘንድ ሳይደርስ በቀጥታ ወደ ተቀባዩ ዓይን ይገባል። ይህን ክሮስቶክ ይሉታል።

ነጸብራቁ እጅግ ሲበዛ ቁጥሩ እንዲህ እንደ ጥያቄው ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ይቆማል። ይህ እንኳን ደግ ነው፤ ስሕተት መሆኑ ያስታውቃል። የሚያታልለው መካከለኛው ክሮስቶክ ነው። ከዒላማው የሚመለሰው ብርሃን በርቀቱ ስኩዌር ይቀንሳል፤ ዒላማው ከ10 ሴንቲሜትር ወደ 1 ሜትር ሲርቅ የሚመለሰው ብርሃን ወደ መቶኛ እጅ ይወርዳል። ከመስታወቱ የሚመለሰው ግን ያው ነው፣ አይቀንስም። ስለዚህ ሮቶው ሙሉ ሲሆን ቁጥሩ ትክክል ይመስላል፤ ውሃው እየጎደለ ሲሄድ ግን መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ርቀት እያሳየ፣ ባዶ ለመሆን የቀረበውን ሮቶ ግማሽ ነው ይላል።

ሽምብጥ አካባቢ ለአንድ ቤተሰብ የሠራሁት የመጀመሪያው መለኪያ ያደረገው ይህንኑ ነው። የቤቱ እናት መለኪያው ግማሽ ስላላቸው አምነው የልብስ አጠባ ጀመሩ፤ ሳሙናው በልብሱ ላይ እንዳለ ውሃው አለቀ። ሴንሰሩን ጠረጴዛዬ ላይ ያለ መስታወት ካሊብሬት አድርጌ፣ ክዳኑን በሲሊኮን ያሸግሁት በማግሥቱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክዳኑ ሳይዘጋ አንድም ቁጥር አልመዘግብም።

ምን ዓይነት መስታወት ልጠቀም?

ስስ፣ ጥርት ያለ፣ ገጹ ልሙጥ የሆነ እና ከሴንሰሩ ፊት እጅግ የቀረበ። እኔ 1 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው አክሪሊክ፣ ማለትም እንደ መስታወት ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ እመርጣለሁ። በሴንሰሩና በመስታወቱ መካከል ያለው ክፍተት ከግማሽ ሚሊሜትር እንዳይበልጥ አደርጋለሁ፤ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ወደ ተቀባዩ ዓይን የሚመለሰው ነጸብራቅ ይበዛል። መስታወቱ ከሴንሰሩ ፊት ጋር ትይዩ ይሁን።

የመስኮት መስታወት ቁራጭ በነጻ ስለሚገኝ ብዙዎች ይጠቀሙበታል። እኔ አልመክረውም። 4 ሚሊሜትር ውፍረቱ ራሱ ለብርሃኑ መሹለኪያ መንገድ ይሆነዋል፤ ጠርዙ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ቀለም ደግሞ በውስጡ ያለው ብረት ምልክት ነው፤ ብረት ያለበት መስታወት በዓይን የማይታየውን ይህን ብርሃን ይመጥጣል። የሻወር ቤት ደብዛዛ መስታወት ከቶ አይሆንም። የመኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ፊልምም እንዲሁ፤ ከፊልሞቹ አንዳንዶቹ የተሠሩት ይህንኑ ብርሃን ለመከልከል ነው።

ጥሩ መስታወት እንኳ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በሁለቱ ገጾች 8 በመቶ ያህል ይጠፋል፤ ብርሃኑ ሲሄድ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ አንድ ጊዜ ስለሚያልፍ በጠቅላላው 15 በመቶ የሚሆነው ይጠፋል። ይህን ያህል ማጣት አያሳስብም።

አንድ ፕላስቲክ ይህን ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። አብዛኛው የቴሌቪዥን ሪሞት የሚጠቀመው ይህንኑ 940 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ነው። ሪሞቱን እየተጫናችሁ አምፖሉን በስልክ ካሜራ ተመልከቱት፤ ወይን ጠጅ የመሰለ ሐመር ብርሃን ይታያል። በኋላው ካሜራ ካልታያችሁ በፊተኛው ሞክሩ። ከዚያ ፕላስቲኩን በመካከል አስገቡት። ብርሃኑ ሳይደበዝዝ ከታየ ያሳልፋል። በዓይን ጥቁር የሆኑ ግን ይህን ብርሃን የሚያሳልፉ ፕላስቲኮች አሉ፤ የሪሞቱ የራሱ የፊት ክዳን አንዱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክፍተቱን ማጥበብ ካልቻላችሁ በሁለቱ ዓይኖች መካከል እንደ ግድግዳ የሚቆም ጥቁር ላስቲክ አስገቡ። የብስክሌት ከመነዳሪ በስሱ ተቆርጦ ለዚህ ይሆናል፤ በዚህ የብስክሌት ከተማ ደግሞ አይጠፋም። ላስቲኩ የትኛውንም ዓይን እንዳይሸፍን በማጉያ መነጽር አረጋግጡ።

ካሊብሬሽኑን በምን ቅደም ተከተል ላድርግ?

መስታወቱ በቦታው ተጣብቆ፣ ሳጥኑ ተዘግቶ፣ ኃይሉ በኋላ ከሚሠራበት ባትሪ ወይም ቻርጀር እየመጣ። ቀጥተኛ ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ይሁን፤ ማታ መጋረጃ ዘግቶ መሥራት ይሻላል።

የመጀመሪያው ሬፈረንስ ስፓድ የሚባለው ነው። ሴንሰሩ ለራሱ ማነጻጸሪያ የሚሆኑ ብርሃን ቆጣሪ ሕዋሳትን የሚመርጥበት ደረጃ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የተመረጠው ያለ መስታወት ስለሆነ መስታወት ከተጨመረ እንደገና መመረጥ አለበት። ሁለተኛው የሙቀት ማስተካከያ ነው፤ በአንድ ትእዛዝ ያልቃል። በእነዚህ ሁለቱ ዒላማ ማቆም አያስፈልግም።

ሦስተኛው ኦፍሴት ነው። ነጭ ዒላማ በ100 ሚሊሜትር ርቀት አቁሙ፤ 50 ጊዜ ያህል ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። አማካዩ 108 ቢሆን፣ ኦፍሴቱ 8 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ቁጥር ሁሉ ይቀነሳል። ይህ ሲሠራ የክሮስቶክ ማስተካከያው መጥፋት አለበት። ርቀቱን ከሴንሰሩ ፊት ወይም ከመስታወቱ ውጫዊ ገጽ ጀምሮ ልትለኩ ትችላላችሁ፤ ከየት እንደጀመራችሁ ጽፋችሁ ያዙና እስከ መጨረሻው ከዚያው ለኩ።

አራተኛው ክሮስቶክ ነው፤ ልፋቱም ያለው እዚህ ነው። ከሚያርፍበት ብርሃን 17 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ዒላማ በ400 ሚሊሜትር ርቀት አቁሙ። ነጭ የማይሆንበት ምክንያት ከነጭ የሚመለሰው ብርሃን በዝቶ የመስታወቱን ድርሻ ስለሚሸፍነው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የተለካው ርቀት ለእውነተኛው ርቀት ይካፈላል፣ ውጤቱ ከ1 ይቀነሳል፣ ቀሪው በተመለሰው የብርሃን መጠን ይባዛል። ለምሳሌ እውነተኛው 400 ሆኖ ሴንሰሩ 360 ቢያሳይና የተመለሰው ብርሃን በሰከንድ 2 ሚሊዮን ቆጠራ ቢሆን፣ 360 ለ400 ሲካፈል 0.9 ነው፣ ከ1 ሲቀነስ 0.1፣ በ2 ሚሊዮን ሲባዛ 200,000። ከመስታወቱ የሚመጣው ይህን ያህል ነው ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ኦፍሴቱ የተሳሳተ ከሆነ ስሕተቱ ወደ ክሮስቶኩ ስሌት ይገባል። 400 ላይ የተለካው ቁጥር ከ400 በልጦ ከተገኘ ወደ ኦፍሴቱ ተመለሱ። ከግማሽ በታች ከሆነ ደግሞ በስሌት ለማዳን አትድከሙ፤ መስታወቱን ቀይሩ ወይም አቅርቡት። ካሊብሬሽን ትንሽ ስሕተትን ያርማል እንጂ የተበላሸ አሠራርን አያድንም።

የዒላማው ስፋትም ይታሰብበት። ሴንሰሩ የሚያየው በ25 ዲግሪ የተከፈተ ሾጣጣ ነው፤ 40 ሴንቲሜትር ላይ ሾጣጣው 18 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል። የኤ4 ወረቀት ያህል ስፋት ያለው ዒላማ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይበቃል።

17 በመቶ የሚመልስ ግራጫ ካርድ ከየት ላምጣ?

ፎቶ ቤቶች ብርሃን ለማስተካከል የሚጠቀሙበት 18 በመቶ ግራጫ ካርድ አለ፤ ለዚህ ሥራ ይቀርባል። ከአንዱ ባለሙያ ለአንድ ምሽት መዋስ ይቻላል።

ራሳችሁ ግራጫ ወረቀት ለማተም ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። ለዓይን ግራጫ የሆነው ለዚህ ብርሃን ነጭ ሊሆን ይችላል። በፈሳሽ ቀለም የሚያትሙ ብዙ ፕሪንተሮች የሚጠቀሙት ቀለም ይህን ብርሃን አይመጥም፤ የሌዘር ፕሪንተር ጥቁር ዱቄት ግን በአብዛኛው ካርቦን ስላለበት ይመጥጣል። ጨርቅም እንዲሁ ያታልላል፤ በዓይን ጥቁር የሆነ ሹራብ ለሴንሰሩ ብሩህ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለነጩ ዒላማ አንድ ወረቀት ስስ ስለሆነ ከጀርባው ያለውን ያሳያል፤ አምስት ስድስት ወረቀት ደርቡ። ነጠላ ዘርግቶ የሞከረ ልጅ ነበር፤ ብርሃኑ በክሮቹ መካከል አልፎ ግድግዳውን ለካለት።

የምጠቀምበት ላይብረሪ የኦፍሴትና የክሮስቶክ ትእዛዝ የለውም።

ቀለል ያሉት ላይብረሪዎች (ሴንሰሩን ለማዘዝ ተዘጋጅተው የሚገኙ ኮዶች) ብዙ ጊዜ የላቸውም። የአምራቹን ሙሉ ላይብረሪ መጠቀም ከከበዳችሁ መስታወቱ በቦታው እንዳለ በ20፣ 40፣ 60፣ 80 እና 100 ሴንቲሜትር ለክታችሁ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ኮዳችሁ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን በቀጥታ መሥመር ያስላ። ዒላማው በኋላ ከሚለካው ነገር ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ዒላማ ብቻ ለሚለካ መሣሪያ ይህ በደንብ ይበቃል።

ካሊብሬት አድርጌው ደህና ሠርቶ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወደ ድሮው ስሕተቱ ተመለሰ።

ሴንሰሩ እናንተ የሰጣችሁትን ቁጥር አያስቀምጥም። ኃይል ሲቋረጥ ሁሉንም ይረሳል፤ ሲነሣ የሚያስታውሰው ከፋብሪካ የመጣበትን ብቻ ነው። ኦፍሴቱን፣ ክሮስቶኩንና የተመረጡትን ሕዋሳት ኮዳችሁን በሚያሠራው ትንሽ ኮምፒውተር፣ በማይክሮኮንትሮለሩ፣ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ አስቀምጡ፤ መሣሪያው በተነሣ ቁጥር ኮዱ መልሶ ለሴንሰሩ ይስጠው። በወረቀትም ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ለጥፉት። ማይክሮኮንትሮለሩ ሲቃጠል የሚተካው ሰው ያመሰግናችኋል።

ስንት ቮልት ልስጠው?

ሴንሰሩ ራሱ የሚፈልገው ከ2.6 እስከ 3.5 ቮልት ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተሰክቶ፣ ሬጉሌተር (ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ የሚያረጋ ክፍል) ተጨምሮበት ስለሆነ አብዛኛው ሰሌዳ 5 ቮልት ይቀበላል። የሰሌዳውን ዓይነት ሳታረጋግጡ ግን አትስጡ። ኤክስሸት የሚባለው፣ ሴንሰሩ የሚጠፋበትና የሚበራበት እግር በብዙ ሰሌዳዎች ላይ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ ስለሚሄድ በ5 ቮልት ከሚሠራ አርዱዪኖ (የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ) ከፍ ያለ ምልክት አትላኩበት። ማጥፋት ስትፈልጉ ወደ ዜሮ አውርዱት፤ ማብራት ስትፈልጉ የአርዱዪኖውን እግር ግቤት አድርጋችሁ ልቀቁት።

በሚለካበት ጊዜ በአማካይ 19 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ሌዘሯ ስትበራ ግን ለቅጽበት ወደ 40 ይደርሳል። ይህን ቅጽበታዊ ፍላጎት በመልቲሜትር አታዩትም፤ መልቲሜትር አማካዩን ነው የሚያሳየው። ስለዚህ የ100 ናኖፋራድ እና የ4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ከሴንሰሩ እግር አጠገብ ይኑሩ።

ብዙ ጊዜ ያየሁት ስሕተት የሚከተለው ነው። አንድ ሰው መሣሪያውን በኮምፒውተር ዩኤስቢ ሠርቶ ይጨርስና ጣሪያ ላይ ሲያወጣው 18650 በሚባል አንድ የሚሞላ የሊቲየም ባትሪ ያሠራዋል። በመካከል ያለው ሬጉሌተር ኤኤምኤስ1117 ነው። ይህ ሬጉሌተር ከሚሰጠው ቮልቴጅ በላይ 1.1 ቮልት ያህል ትርፍ ይፈልጋል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ 4.2 ቮልት ሲሆን ከሬጉሌተሩ 3.1 ይወጣል፤ ባትሪው ወደ 3.7 ሲወርድ 2.6 ብቻ ይቀራል። ይህ የሴንሰሩ የመጨረሻ ድንበር ነው። ዋይፋዩ ሲልክ ቮልቴጁ ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ሴንሰሩ በዝምታ ጠፍቶ ይነሣል፣ ካሊብሬሽኑን ይረሳል። ማይክሮኮንትሮለሩ ስላልጠፋ ምንም አላወቀም፤ ቁጥሮቹን መልሶ አይሰጥም። ባለቤቱም ካሊብሬሽኑን ደጋግሞ ሲሠራ ይውላል። መድኃኒቱ ዝቅተኛ ትርፍ የሚበቃው ሬጉሌተር መጠቀም፣ ኮዱም ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ሴንሰሩ እንደ አዲስ ተነሥቶ እንደሆነ እንዲያረጋግጥ ማድረግ ነው።

ሮቶው ጣሪያ ላይ ነው፣ ማሳያው ሳሎን። 15 ሜትር ሽቦ ብዘረጋስ?

የሴንሰሩን የመረጃ ሽቦዎች ያን ያህል አትዘርጉ። አይስኩዌርሲ የሚባለው የመረጃ አሠራር የተሠራው በአንድ ሰሌዳ ላይ ላሉ አጭር መንገዶች ነው፤ ሽቦው ሲረዝም ምልክቱ ይደበዝዛል። ማይክሮኮንትሮለሩን ከሴንሰሩ ጋር ሮቶው ላይ አድርጉና ውጤቱን በዋይፋይ ወይም ለረጅም ሽቦ በተሠራው አርኤስ485 አውርዱ።

የኃይል ሽቦውም ቢሆን ቀላል አይደለም። 0.2 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ 15 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 2.6 ኦም ያህል ይቃወማል። ለሴንሰሩ ብቻ ይህ ምንም አይደለም፤ 40 ሚሊአምፔር የሚያጠፋው 0.1 ቮልት ነው። ኢኤስፒ32 የሚባለው ዋይፋይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር ሲልክ 400 ሚሊአምፔር ቢወስድ ግን 1 ቮልት ሽቦው ላይ ይቀራል። ወፈር ያለ ሽቦ ተጠቀሙ፣ ከላይ በኩል ደግሞ ትልቅ ካፓሲተር ጨምሩ።

በባትሪ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?

ሴንሰሩ ሳያቋርጥ ከለካ በቀን 456 ሚሊአምፔር ሰዓት ይጨርሳል፤ 2,600 የሚይዝ ባትሪ ስድስት ቀን አይሞላም። ሮቶ ግን በደቂቃ አንድ ጊዜ ቢለካ ከበቂ በላይ ነው። እያንዳንዱ ልኬት 200 ሚሊሰከንድ ቢወስድ የቀኑ ፍጆታ ወደ 1.5 ሚሊአምፔር ሰዓት ይወርዳል፤ በመካከል በኤክስሸት ሲጠፋ የሚወስደው 5 ማይክሮአምፔር ብቻ ነው።

ባትሪ የሚበላው በዙሪያው ያለው ነው። ኤኤምኤስ1117 ምንም ሳይሠራ 5 ሚሊአምፔር ያህል ይወስዳል፤ በቀን 120 ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ሌት ተቀን የምትበራው ትንሽ ቀይ አምፖል አለችበት። እሷን ነቅሎ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ጠዋት ትክክል ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ይዛባል።

ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው ሙቀት ነው። አምራቹ የሙቀቱ ለውጥ ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲበልጥ የሙቀት ማስተካከያው እንዲደገም ያዛል። ጣሪያ ላይ ያለ ሳጥን በሚያዝያ ፀሐይ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሞቃል። ማስተካከያው ለቅጽበት ብቻ ስለሆነ በየሰዓቱ ይደገም፤ ሳጥኑንም ነጭ ቀቡት። ኦፍሴቱንና ክሮስቶኩን መድገም አያስፈልግም።

ሁለተኛው የፀሐይ ብርሃን ነው። አየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን 940 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የፀሐይ ብርሃን በከፊል ስለሚመጥ ይህ የሞገድ ርዝመት ለሴንሰር ይመቻል። ሆኖም ቀሪው ቀላል አይደለም። ቤት ውስጥ ነጭ ዒላማን እስከ 2 ሜትር የሚያየው ሴንሰር ደጅ፣ ሰማዩ ደመናማ እንኳ ሆኖ፣ ወደ 80 ሴንቲሜትር ይወርዳል። የሮቶው ክዳን በደንብ ይዘጋ።

በቀጥታ ውሃውን ይለካልኛል?

አይታመንም። የረጋ ውሃ በቀጥታ ከወረደበት ብርሃን 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይመልሳል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ገብቶ ይመጠጣል ወይም ከታች ደርሶ ይመለሳል። ውሃው ላይ ነጭ ተንሳፋፊ ያስፈልጋል። የሚጠጣ ውሃ ከሆነ ለምግብ የተሠራ ንጹሕ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ አጥብቃችሁ ክደኑና እንዲንሳፈፍ አድርጉ።

ተንሳፋፊው ከሾጣጣው ሥር እንዳይሸሽ ብለው በቱቦ ውስጥ የሚያስገቡት አሉ። 11 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ውስጥ የ25 ዲግሪው ሾጣጣ 25 ሴንቲሜትር ሳይወርድ የቱቦውን ግድግዳ ይነካል፤ ከዚያ በታች የምትለኩት ግድግዳውን ጭምር ነው። ከቱቦ ይልቅ ከላይ እስከ ታች በተወጠሩ ሁለት ገመዶች መካከል የሚወጣና የሚወርድ ሰፊ ተንሳፋፊ ይሻላል። 1 ሜትር ላይ ሾጣጣው 44 ሴንቲሜትር ስለሚሰፋ ሴንሰሩን ከሮቶው ግድግዳ አርቃችሁ ስቀሉ። ጥልቅ ሮቶ ያላችሁ ቪኤል53ኤል1ኤክስ የሚባለውን ተመልከቱ፤ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል፣ ሾጣጣውንም በትእዛዝ ወደ 15 ዲግሪ ማጥበብ ይቻላል።

ተንሳፋፊ ለመግጠም የማይመች ታንከር ከሆነ ውሃ የማይገባው የድምፅ ሞገድ ሴንሰር ግዙ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሌዘር ካልሆነ አልልም።

ሁለት ሴንሰሮች በአንድ ማይክሮኮንትሮለር ላይ አንድ ላይ አይሠሩልኝም።

ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ አድራሻቸው 0ኤክስ29 ነው። ሁለቱን በኤክስሸት አጥፏቸው፤ አንዱን አብሩና አዲስ አድራሻ ስጡት፤ ከዚያ ሁለተኛውን አብሩ። አድራሻውም ኃይል ሲቋረጥ ይረሳል። እያንዳንዱ የራሱ መስታወት ስላለው የአንዱን ካሊብሬሽን ለሌላው መገልበጥ አይቻልም።

ሌዘሩ የልጆች ዓይን አይጎዳም?

በአንደኛ ክፍል ሌዘር ተመድቧል፤ በተሠራበት አኳኋን ለዓይን አያሰጋም። ፊቱ ላይ ብርሃን የሚሰበስብ ሌንስ ግን አትጨምሩበት።

በጣና ዳር የሐይቁን ከፍታ ለመለካት ልጠቀምበት?

ይህን የሚጠይቁኝ ወጣቶች ሲበዙ ደስ ይለኛል። ሐይቁን መለካት የሚወድድ ሰው ያስፈልገናል። ሆኖም ይህ ሴንሰር ለዚያ አልተሠራም። ጣና በሰኔ አካባቢ ዝቅ ብሎ በመስከረም ሲሞላ ልዩነቱ ከ1 ሜትር ይበልጣል፤ ሴንሰሩ ደጅ በፀሐይ የሚያየው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ማዕበሉ አለ፣ የሚንሳፈፈው እምቦጭና ደንገል አለ። በግልጽ የቆመ፣ ቁጥር የተጻፈበት የውሃ መለኪያ እንጨት ጠዋትና ማታ እያዩ መመዝገብ የበለጠ የሚታመን ውጤት ይሰጣል።

መስታወቱን በየስንት ጊዜው ላጽዳ?

በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በወር አንድ ጊዜ። ለስላሳ ጨርቅ በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ ጥረጉ፤ አልኮል አክሪሊክን ሊሰነጥቀው ስለሚችል ለእውነተኛ መስታወት ብቻ ተጠቀሙበት። የጣት አሻራ ቅባት ክሮስቶኩን ይጨምራል፤ ካጸዳችሁ በኋላ በጣታችሁ አትንኩት። ጠዋት ከውስጥ በኩል ጤዛ ካያችሁ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ አስገቡ፤ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ለዚህ ይሆናል።

ካጸዳችሁ በኋላ የታወቀ ርቀት አንድ ጊዜ ለክታችሁ ሳጥኑ ውስጥ ከለጠፋችሁት ወረቀት ጋር አመሳክሩ። ልዩነቱ ከ1 ሴንቲሜትር ካልበለጠ ክዳኑን ዘግታችሁ ውረዱ።